ከሆሳዕና በፊት ያለው ቅዳሜ

ሳንት-ዜኖቢ
እሑድ፣ ሜይ 18 ቀን 1969

ለታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጨጓራህስ እንዴት ሆነልህ? ሐኪሙ የከለከለህን የአሳማ ሥጋ በእርግጥ ተውከው፣ ወይስ ቤት ጠባቂህ ወይዘሮ ዜልያ ባቀረበችልህ ቁጥር «እንዳይከፋት» እያልክ ትበላለህ? እኛ ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የላትም። በየማለዳው ያንተን ፎቶግራፍ በሽርጧ ጫፍ ትወለውላለች። የኔንና የሟች እህታችን የፈርናንድን የምወለውለው እኔ ነኝ። ዘንድሮ በረዶው ከወንዙ ላይ ዘግይቶ ነው የለቀቀው፤ ድንቹን ገና አልተከልንም።

ካህን ከሆንክ ጀምሮ እማማ «እርስዎ» ትልሃለች፣ ስትገባም ትነሣልሃለች። እኔ ግን የሽንት ጨርቅህን ያጠብኩ ነኝና «አንተ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ይህን ደብዳቤ ጥቁሩን ቀሚስህን አውልቀህ ብታነበው ደስ ይለኛል። የምጽፈው ለወንድሜ ነው፤ ለደብሩ ቆሞስ አይደለም።

የፈርናንድ ትልቋ ልጅ ማርዦሌን ጁን 7 ቅዳሜ ሬዣንን ታገባለች፤ የምታጋባቸውም አንተ ነህ። እንደ ልማዱ በዋዜማው፣ አርብ ማታ፣ ይናዘዛሉ። ልጅቷ «እናቴን ለቀበሩልኝ ለአጎቴ እንጂ ለሌላ አልናዘዝም» ብላ ድርቅ ብላለች። የምጽፍልህ ስለዚያች አርብ ነው። በቦርሳዋ ውስጥ፣ ከማበጠሪያዋ ጎን፣ ሪሙስኪ ከተማ ያለ አንድ ወጣት ሐኪም ያዘዘላት የወሊድ መከላከያ እንክብል አለ። ሐኪሙ ዘንድ አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ። አሁን ወንበርህ ላይ ቀጥ ብለህ ስትቀመጥ ይታየኛል። ተደገፍ፤ ገና ብዙ አለ።

ማርዦሌን ልጅ አልፈልግም አላለችም። ለሐኪሙ ያለችው «መጀመሪያ ሁለት ዓመት እንቅልፌን ልተኛ» ነው። እናቷ ስትሞት አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አሥር ልጅ አጥባ፣ አብልታ፣ ቆጥራ ነው የምታስተኛው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ካልሲ ሲጠፋበት የሚጠራው የእርሷን ስም ነው። ሬዣንም ታጋሽ ልጅ ነው፤ «አንቺ ተኚ፣ እኔ እጠብቃለሁ» አላት።

አርብ ማታ እንድትዋሽልህ ላስተምራት ሞክሬ ነበር። አትሳቅ። ወጥ ቤት ውስጥ እኔ አንተን ሆኜ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ እርሷ ከወንበሩ ጀርባ ተንበረከከች። ድምፄን አወፍሬ «ልጄ ሆይ፣ እግዚአብሔር የሚሰጥሽን ልጆች ሁሉ ለመቀበል ዝግጁ ነሽ?» አልኳት።

«አዎ አባ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ» አለችኝ።

«ኧረ እንዲህ አይባልም! አዎ ብለሽ ዝም በይ!»

«አክስቴ፣ ውሸት እኮ ነው።»

«ውሸት መሆኑን ማን አጣው? አዎ በይ ብያለሁ!»

ሦስት ጊዜ አለማመድኳት፣ ሦስቴም እውነቱን ተናገረች። በሳቅ ሞትን። ከዚያ ማገዶ ላምጣ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁና አለቀስኩ፤ እናቷም ልክ እንዲህ ነበረች። ፈርናንድ መዋሸት አትችልም ነበር።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ፤ ከሥሩ ልጀምርልህ። አንተ ያን ጊዜ ገና ረዳት ካህን ሆነህ ሩቅ ነበርክና የማታውቀው አለ። አሥረኛው ልጅ ሲወለድ ፈርናንድ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሞት ጋር ታገለች። ሐኪሙ ባሏን ኦቪላን ወደ ደጅ ጠርቶ «የሚቀጥለው ሲመጣ እኔን አትጥራኝ፤ ሣጥን ሠሪውን ጥራ» አለው። ኦቪላ ቀልደኛ እንደነበር ታስታውሳለህ፤ ከዚያ ወዲህ መቀለድ ተወ። ሚስቱን ይወዳት ስለነበር ይጠነቀቅ ጀመር። ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባሃል፤ ሴሚናሪ ውስጥ በላቲን ተምራችሁታል።

በተከታዩ ዓመት ኖቬምበር ላይ የደብራችን ካህን አባ ቴሌስፎር እንደ ልማዳቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ሲባርኩ እነ ፈርናንድ ቤት ደረሱ። ልጆቹ በቁመታቸው ተሰልፈው ተባረኩ። እኔም ነበርኩ። አባ ቡራኬውን እንደጨረሱ ወደ ማእዘኑ አዩና «የሕፃኑ አልጋ የት ሄደ?» አሏት።

«ቆጥ ላይ አውጥተነዋል አባ።»

«ትንሹ ስንት ወሩ ነው?»

«አሥራ አራት።»

«ታዲያ አልጋው ቆጥ ላይ ምን ይሠራል? አይጥ ሊወልድበት ነው?»

አማቷ ከምድጃው አጠገብ ሆና «እኔም የምለው ይኸንኑ ነው አባ፤ ልጅ በዕድሉ ያድጋል» አለች። ኦቪላ ኮፍያውን አንሥቶ ወደ በረት ሄደ።

ለገና ስትናዘዝ አባ ቴሌስፎር ስለ አልጋው ደግመው ጠየቋት፤ እርሷም ባሏ እንደሚጠነቀቅ ነገረቻቸው። ሌላ ሴት ብትሆን ማለፊያ አታጣም ነበር። እሳቸውም «እንዲህማ ከሆነ ይፍታሽ ልልሽ አልችልም» አሏት። በገና ቅዳሴ ሰዉ ሁሉ ሊቆርብ ሲነሣ እርሷ ሽማግሌዎቹንና ነፍሰ ጡሮቹን እያሳለፈች ከወንበሯ ላይ ቀረች። በእኛ ደብር እንዲህ መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። በሳምንቱ ሱቅ ስትገባ ወሬ ይቋረጥ ነበር። አማቷ ለልጆቹ «ለእናታችሁ ጸልዩላት» ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ፋሲካም እየቀረበ ነበር፤ በፋሲካ ያልቆረበ ደግሞ ምን እንደሚባል ታውቃለህ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ሐሳቡ የኔ ነበርና። የሚራራ ካህን ፍለጋ ሌላ ደብር ሄዶ መናዘዝ በሴቶቹ ዘንድ አዲስ ነገር አይደለም። የት ያለው ለስላሳ፣ የት ያለው ኮስታራ እንደሆነ ስለ ዶሮ መኖ እንደምንነጋገር እንነጋገርበታለን። እኔም «ወደ ወንድማችን እንሂድ» አልኳት። «ግን ማን እንደሆንሽ እንዳያውቅ። ካወቀሽ ለዘመድ አዳላ እንዳይባል ይጨክንብሻል። ካላወቀሽ ልቡ ደግ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ነው የመጣሁት በዪው፤ ድምፅሽንም ዝቅ አድርጊ።» ልብህን የማውቀው መስሎኝ ነበር።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ፣ በ1962፣ ለልጆቹ ጨርቅ ልንገዛ ነው ብለን በአውቶቡስ መጣን። ወጣት ካህን በመሆንህ ሴቱ ሁሉ ካንተ የእንጨት መናዘዣ ክፍል ፊት ተሰልፎ ነበር። ፈርናንድ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ወረፋዋን ጠበቀች። እኔ ሦስተኛው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እርሷ ከገባች በኋላ ንግግራችሁ አይሰማኝም ነበር፤ የሚሰማኝ የአውራ ጣቷ ጥፍር በእንጨቱ ላይ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ብቻ ነው። ያን ጥፍር ታስታውሰዋለህ። ወደ ሴሚናሪ ልትገባ የመጀመሪያውን ጥቁር ቀሚስህን ስትሰፋልህ የስፌት መኪናው መርፌ መሃሉን ሰንጥቆት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለሁለት ተከፍሎ ነው ያደገው። ሲጨንቃት እጇ ያገኘውን ሁሉ በእርሱ ትመታ ነበር።

ስትወጣ ፊቷ ላይ ደም አልነበረም። ክንዷን ይዤ ወደ ደጅ አወጣኋት።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«ሁለተኛ አይለመደኝም ብለሽ ቃል ግቢ አለኝ። አልችልም፣ ብወልድ እሞታለሁ ብሎኛል ሐኪሙ አልኩት። ሐኪም ሥጋን ነው የሚያየው፣ እኔ የማየው ነፍስን ነው አለኝ። ስንት ካህን አዳርሰሽ ነው ወደ እኔ የመጣሽው ቢለኝ፣ አንድ አልኩት።»

«እሱንም ነገርሽው?»

«ጠየቀኛ!»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ በመካከላችን ያለውን መስኮት ዘጋው።»

ጨርቅ አለመግዛታችን ትዝ ያለን መንገዱን ካጋመስን በኋላ ነበር። ወደ እኔ ዞር ብላ «ድምፁን ጉንፋን ይዞታል፤ ማር ብንልክለት ምን ይመስልሻል?» አለችኝ። ልካልህም ነበር፤ በዚያው ሳምንት ደርሶሃል።

በፋሲካ ሳትቆርብ ቀረች። ሜይ ላይ አባ ቴሌስፎር ዘንድ ተመልሳ ቃል ገባች፤ እሳቸውም ፈቷት። ያን እሑድ ስትቆርብ አማቷ በደስታ አለቀሰች፤ ሴቶቹም ደጅ ላይ ከበው ሳሟት። ኦቪላ ወንዶቹ ልጆች ክፍል ገብቶ ተኛ። አራት ወር እንደዚያ ቆዩ። ሁለቱም ሰው ናቸው፣ ባልና ሚስት ናቸው፣ የሚዋደዱም ናቸው። ሴፕቴምበር ገብቶ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር አልጋው ከቆጥ ወረደ።

አሁን የ1963ቱን አዲስ ዓመት እናንሣ። አባባ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር፤ እንደ ልማዱ ሁላችንም ተንበርክከን ባረከን፤ ካህኑ ልጁም ሳይቀር። ከዚያ ማዕድ ቀረበና አንተ ወግ ጀመርክ። አንዲት ሴት ከሩቅ አገር ወዳንተ እንደመጣች፣ ካህን እንደ ጫማ እየለካች እግሯን የማይቆነጥጣትን እንደምትፈልግ አወራህ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አጎታችን ኦርሚዳስ «ቁጥሯ ስንት ነው ጃል?» ሲል ደግሞ አባባ ትን ብሎት ጀርባውን መታነው። ፈርናንድ አራት ወር የሞላው ሆዷን በሽርጧ ሸፍና በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረውን የሥጋ ቱርቲዬር ይዛ መጣች፤ ከትከሻህ አጠገብ አስቀመጠችው። እዚያው ቆማ በተሰነጠቀው ጥፍሯ የሳሕኑን ጠርዝ መታች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ።

ሹካህ አየር ላይ ቀረ። ጣቷን አየህ። እማማ «ይቀጥሉ እንጂ አባ፤ ከዚያስ?» አለችህ።

አንተም ቀጠልክ። «ከዚያማ ባዶ እጇን ሸኘኋት» አልክ፤ ሁሉም እንደገና ሳቀ። ፈርናንድም ሳቀች። «ደግ አደረግህ» አለችህና ከቱርቲዬሩ ትልቁን ቁራጭ ቆርጣ ሳሕንህ ላይ አኖረችልህ። አንተም በላህ።

በሜይ ሞተች። ሐኪሙ እንዳለው ሆነ፤ ኦቪላ ሣጥን ሠሪውን የጠራው በዚያው ቀን ነው። ቅዳሴውን የመራኸው አንተ ነበርክ። በስብከትህ «እናትነትን እስከ መጨረሻው የታዘዘች» አልካት፤ ከዚያ ጠበል ልትረጭ እጅህን አነሣህና ሳትረጭ መለስከው። ሴቶቹ «ምስኪን፣ እህቱ እኮ ናት» አሉ። ኦሬሊ ግን ተረፈች። ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ ጥርሷ ወልቋል፤ ማርዦሌንን «እማዬ» ትላታለች። ከራሴ ልጆች አስበልጬ እወዳታለሁ። ብቻ እርሷን መልስ አድርገህ እንዳታቀርብልኝ። አባ ቴሌስፎር አንድ ጊዜ «ያውልሽ ፍሬው!» ብለው ወደ እርሷ ሲያመለክቱ ልጅቷ ሰምታ «የምን ፍሬ?» ብላ ጠይቃኛለች። ምን ልበላት?

ስለ እኔም ልንገርህ፤ እኔ ከደሙ ንጹሕ ነኝ እንዳትለኝ። ሁለት ልጆች ብቻ ነው የወለድኩት። አገሩ «እግዚአብሔር አላደላትም» ይላል፤ አንተም አንድ ጊዜ ስለ መካኗ ሐና ተርከህ አጽናንተኸኛል። አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን እግዚአብሔር የለበትም። እኔና ባሌ ሃያ ዓመት ሲጠነቀቁ የኖሩ ሰዎች ነን። አባ ቴሌስፎር «ሌላስ?» ሲሉኝ «ሐሜት» እላቸዋለሁ፤ የሐሜት ንስሐ ይሰጡኛል፤ እቆርባለሁ። እኔ ዋሸሁና በየእሑዱ እየቆረብኩ አርባ ሰባት ዓመት ሞላኝ፤ እርሷ እውነቱን ተናግራ በሠላሳ ስድስቷ ተቀበረች። እንድትዋሽ ላስተምራት ሲገባኝ ወዳንተ አመጣኋት።

አምና ደግሞ ከሮም እንክብሉ ክልክል ነው የሚል ደብዳቤ መጣ። ከዚያ የአገራችን ጳጳሳት ተሰብስበው፣ ተጨንቆ አስቦ በቅን ኅሊናው የወሰነ ሰው አይኮነንም ብለው ጻፉ። አንተም ለምእመናንህ በለስላሳ ድምፅ እንዳነበብክላቸው ሰማሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ፈርናንድ ኅሊና አልነበራትም? አሥር ልጅ አስተኝታ ጣሪያው ላይ ስታፈጥ የምታድረው በምኗ ነበር? ተናድጃለሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ተናድጃለሁ፤ ለእማማ ስል ዋጥ አድርጌው ነው እንጂ።

እንግዲህ የምለምንህ ይህ ነው። ማርዦሌን አርብ ማታ ፊትህ ስትንበረከክ ያን ጥያቄ አትጠይቃት። ከጠየቅካት እውነቱን ትነግርሃለች። እውነቱን ከነገረችህና መስኮቱን ከዘጋህባት፣ ወይ በገዛ ሠርጓ ሳትቆርብ በሰው ሁሉ ፊት ትቆማለች፣ ወይ እንክብሉን ወንዝ ውስጥ ትጥለዋለች። አውቃታለሁ፤ የምትጥለው ይመስለኛል። ዳሌዋ የእናቷ ዳሌ ነው፤ ሐኪሙ መርምሯት ሲያበቃ ስለ እናቷ አሟሟት ሁለት ጊዜ ጠይቋታል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ለሆሳዕና ማርዦሌን ስለ ሠርጉ ልታነጋግርህ መጥታ ነበር አይደል? የባረክኸውን ዝንጣፊ በደብርህ ያለፈው ሳምንት ወረቀት ጠቅልላ አመጣችልኝ። ዝንጣፊውን ከመስቀሉ ጀርባ ሰካሁና ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ልጨምረው ስል የሳምንቱን ቅዳሴዎች ዝርዝር አየሁ። ሰኞ ለሟች እገሌ፣ ከልጆቻቸው። ማክሰኞ ለሟች እገሊት፣ ከባለቤታቸው። ቅዳሜ «ለአንዲት ተናዛዥ ነፍስ፣ ከደብሩ ቆሞስ»። ስም የለውም። ወይዘሮ ዜልያን ስለ ሠርጉ ምግብ ስደውልላት በጨዋታ መሐል አነሣሁባት። «ኧረ እሱማ በየዓመቱ ነው፤ ሁሌ ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ ነው፤ ማን ናት ብዬ ብጠይቃቸው ምሳቸውን ትተው ተነሡ» አለችኝ።

ፈርናንድ የሞተችው በሜይ ነው። ከሆሳዕና በፊት ባለው ቅዳሜ የሆነውን የምናውቅ እርሷ፣ እኔና እግዚአብሔር ብቻ የሆንን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ አንተም ማን እንደነበረች ታውቃለህ። ለእማማ አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም። ለማርዦሌንም እንደዚሁ።

እማማ እጅህን ስማለች። አንተ ሁሉን ትባርካለህ፣ አንተን የሚባርክህ አባባም የለም፤ እንግዲህ በታላቅነቴ እኔው ልመርቅህ። እግዚአብሔር ጨጓራህን ይማርልህ፤ እንቅልፍ ይስጥህ፤ ልብህን ያኔ በልጅነትህ እንደማውቀው አድርጎ ይመልስልህ።

አርብ ማታ ልጅቷ ተናግራ ስትጨርስ «ይፍታሽ» በላት። ድምፅህን ከፍ አድርገህ በለው። እኔ ሦስተኛው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።

የቀረችህ እህትህ